የተረጂዎች ዝርዝር ውስጥ የተደጋገመ ስም፦ ማን ይፈልግ፣ ማን ይሰርዝ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «በአንድ ወረዳ የአስቸኳይ ጊዜ ምግብ በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ የመረጃ ባለሙያ ነኝ። ከ20 በላይ ከሆኑ ቀበሌዎች የመጣ የተጠቃሚ ዝርዝር በኤክሴል እጄ ላይ አለ፤ ገሚሱ በአማርኛ፣ ገሚሱ በላቲን ፊደል ተጽፏል። ከሚቀጥለው ዙር በፊት የተደጋገሙትን ለይቼ እንድሰርዝ ታዝዣለሁ። የኤክሴሉን ‹ሪሙቭ ዱፕሊኬትስ› (ድግግሞሽ አጥፋ) ትእዛዝ ስሰጠው ያገኘው 11 ረድፍ ብቻ ነው፤ የቀበሌ ኮሚቴዎቹ ግን ብዙ እንዳለ ይናገራሉ። ለጋሹ ደግሞ ሙሉውን ዝርዝር ላኩልኝ ብሏል። ከየት ልጀምር?»

11 ብቻ መገኘቱ የሚጠበቅ ነው። ያ ትእዛዝ የሚያየው ሁለት ረድፎች ፊደል በፊደል አንድ መሆናቸውን ስለሆነ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለእሱ ሁለት ሰዎች ናቸው። የሚብሰው ደግሞ የትኞቹን እንዳጠፋ ሳያሳይ ማጥፋቱ ነው። ስለዚህ ሥራውን ከመቀጠልዎ በፊት እነዚያን 11 ረድፎች ወደ ቦታቸው ይመልሱ።

በዚህ ሥራ ላይ የምንመራበት ደንብ አንድ ነው፦ ኮምፒውተሩ ይጠቁማል፣ የሚወስነው ሰዎቹን በአካል የሚያውቀው ቀበሌ ነው። ሁለቱ ስህተቶች እኩል አይደሉምና። አንድ ቤተሰብ ሁለት ጊዜ ቢወስድ የአንድ ቤት ራሽን ያለ አግባብ ወጣ ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ዙር ይታረማል። አንድ ቤተሰብ በስህተት ቢሰረዝ ግን የወሩን ምግብ ያጣል። በአገራችን በተለመደው የአስቸኳይ ጊዜ ራሽን፣ ማለትም ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት፣ አምስት ሰው ያለበት ቤት ሲሰላ 75 ኪሎ ስንዴ፣ 7.5 ኪሎ ክክና 2.25 ኪሎ ዘይት ነው። ያንን ያጣ ቤት ወሩን በምን እንደሚገፋ እርስዎም ያውቁታል።

በሌላ በኩል ጥንቃቄው ለወጉ ያህል እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። በፈረንጆቹ 2023 ሜይ ላይ በትግራይ፣ ጁን ላይ ደግሞ በመላው አገሪቱ ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም የምግብ እርዳታን ያቋረጡት እህሉ ከታለመለት ሰው እጅ እየወጣ ነው በሚል ምክንያት ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሲቀጥል ልየታውም ምዝገባውም እንደገና እንዲሠራ ተደርጓል። ንጹሕ ዝርዝር የሌለው ፕሮግራም የሚቋረጥበት ዘመን ላይ ነን፤ ሲቋረጥ የሚጎዳው ደግሞ ሁለት ጊዜ የወሰደው ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ከየቀበሌው የመጣውን ፋይል እንዳለ «ጥሬ» በሚል ፎልደር ውስጥ አስቀምጠው ለንባብ ብቻ የሚከፈት ያድርጉት። በፋይሉ ስም ላይ ቀበሌውና የደረሰበት ቀን ይኑር። ሁሉንም ወደ አንድ የሥራ ፋይል ሲያሰባስቡ ከፊት ሁለት አምዶች ይጨምሩ፦ ረድፉ የመጣበት ፋይል ስም፣ እና በዚያ ፋይል ውስጥ የነበረበት የረድፍ ቁጥር። ከወራት በኋላ አንዲት እናት «ስሜ ተመዝግቦ ነበር፣ አሁን የለም» ብላ ስትመጣ መልስ የሚያገኙላት በእነዚህ ሁለት አምዶች ነው።

ከኮቦ (በስልክ ቅጽ መረጃ መሰብሰቢያው) ወይም ከሌላ ሲስተም የወረደ ሲኤስቪ፣ ማለትም በነጠላ ሰረዝ የተለየ የጽሑፍ ፋይል፣ ካለ በድርብ ጠቅታ አይክፈቱት። ኤክሴል ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ኮድ መጻፉን ሳያውቅ ስለሚከፍተው አማርኛው ወደማይነበብ ምልክት ይለወጣል፤ በዚያው ላይ ሴቭ ካደረጉት በቃ፣ ስሙ ጠፋ። ባዶ ሉህ ይክፈቱ፣ በዳታ ማውጫ ስር «ፍሮም ቴክስት» የሚለውን ይጫኑ፣ በኮድ ምርጫው ላይ 65001ን (ዩቲኤፍ-8 ማለት ነው) ይምረጡ። እዚያው ላይ እያሉ የስልክና የመታወቂያ አምዶችን «ቴክስት» ያድርጓቸው። ኤክሴል ቁጥር የመሰለውን ሁሉ እንደ ቁጥር ስለሚይዝ የስልኩን መነሻ 0 ይጥላል። ከ15 አሃዝ በላይ ሲሆንበት ደግሞ ትርፉን በዜሮ ይተካል፤ ባለ 16 አሃዝ የፋይዳ ካርድ ቁጥር የመዘገበ ዝርዝር ከላይ እስከ ታች በ0 ሲያልቅ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። የጠፋውን አሃዝ በምንም ቀመር መመለስ አይቻልም፤ ያለው ጥሬው ፋይል ላይ ወይም ካርዱ ላይ ብቻ ነው።

አሁን ስሙ። ዋናው ድካም ያለው እዚህ ነው። የተመዘገበውን ስም አይንኩት፤ ሰውዬው መታወቂያው ላይ ያለው ስም በማከፋፈያ ወረቀቱ ላይም እንደዚያው መታየት አለበት። ከጎኑ «ማመሳከሪያ ስም» የሚል አዲስ አምድ ከፍተው በዚያ ላይ ይሥሩ፤ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ።

መጀመሪያ ክፍተቶችን ያጽዱ። ሁለት ጊዜ የተመታ ክፍት ቦታ «ትሪም» በሚባለው የኤክሴል ቀመር ይጠፋል፤ ከዌብ ወይም ከዎርድ የተቀዳ ስም ውስጥ የሚደበቀው ቁጥር 160 የሆነው ክፍት ቦታ ግን በ«ትሪም» አይሄድም፣ ለብቻው መተካት አለበት። ቀጥሎ ማዕረጎችን ያውጡ፦ አቶ፣ ወ/ሮ፣ ወ/ሪት፣ ቄስ፣ መርጌታ፣ ሼህ፣ ሐጂ፣ አስር አለቃ። ይህ ከአሕጽሮቱ በፊት መሆኑ ግድ ነው። «ወ/»ን መጀመሪያ «ወልደ» ብለው ከዘረጉት «ወ/ሮ አልማዝ» ወደ «ወልደሮ አልማዝ» ትለወጣለችና።

ከዚያ አሕጽሮቱ። «ገ/» ገብረ ነው፤ አያከራክርም። «ወ/» በአባት ወይም በአያት ቦታ ላይ ከሆነ ወልደ ነው፤ በራስ ስም ቦታ ላይ ከሆነ ጾታውን ይዩ፣ ለሴት ወለተ ሊሆን ይችላል። «ኃ/» ኃይለም ሀብተም የሚሉ አሉ፤ «ተ/» ተክለም ተስፋም ይሆናል። እነዚህን በግምት አይዘርጓቸው። አሻሚ የሆኑትን ሁሉ በተቃራኒው ያሳጥሯቸው፦ «ተክለማርያም»ም «ተስፋማርያም»ም በማመሳከሪያው አምድ ላይ «ተማርያም» ይሁኑ። የሰፋ ወጥመድ ብዙ ይይዛል፤ የተያዘውን ቀበሌው ይለየዋል።

በመጨረሻ ፊደሉ። ሐ፣ ኀ፣ ኸ ከነእርባታቸው ወደ ሀ ቤት፤ ሠ ወደ ሰ፤ ዐ ወደ አ፤ ፀ ወደ ጸ። አንዳንዱ የሚረሳው የመጀመሪያውና የራብዑ ድምፅ በሀ እና በአ ቤቶች አንድ መሆኑን ነው፤ ስለዚህ ሀና ሃ፣ አና ኣ፣ ዐና ዓ ሁሉም ወደ አንድ መሰብሰብ አለባቸው። ጐን ወደ ጎ፣ ቈን ወደ ቆ፣ ኰን ወደ ኮ ይለውጡ። በኪቦርድ የሚጽፉ መዝጋቢዎች «ው»ን «ዉ» ብለው ስለሚመቱ እሱም ይካተት። ይህን ሁሉ ሲጨርሱ «ፀሐይ ዓለሙ ገ/ሥላሴ»ና «ጸሀይ አለሙ ገብረ ስላሴ» አንድ ይሆናሉ፤ በስሙ መካከል ያለውን ክፍት ቦታም ማጥፋትዎን አይርሱ። ሦስቱን ስሞች በሦስት አምድ ከከፈሉ በኋላ ነው እንጂ ከመክፈልዎ በፊት ግን እንዳያጠፉት።

በላቲን የተጻፈውን ወደ አማርኛ በማሽን መመለስ አይመከርም። የተሻለው ሁለቱንም ወደ ተነባቢ አጽም ማውረድ ነው፦ ከላቲኑ አናባቢዎችን ያውጡ፣ ድርብ ፊደልን ወደ ነጠላ ይቀንሱ፤ ከአማርኛው ሁሉንም ፊደል ወደ ሳድሱ ያውርዱና ያነጻጽሩ። በቁቤና በእንግሊዝኛ ልማድ የተጻፈ ላቲን አንድ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ፤ «ጠ» በቁቤ ኤክስ ናት፣ በእንግሊዝኛው ልማድ ቲ። ዝርዝሩ ከኦሮሚያ አዋሳኝ ቀበሌ ከሆነ መዝጋቢው በየትኛው እንደጻፈ ጠይቀው ለየብቻ ያስተካክሉ። በአጽም ብቻ የተገናኙ ጥንዶች ደካማ ጥቆማ ናቸው፤ ከቀሩት ጋር አይደባልቋቸው።

ስሙ ሲስተካከል ማነጻጸሩን በደረጃ ያድርጉት። በመጀመሪያ የመታወቂያ ወይም የካርድ ቁጥር ተመሳሳይ የሆኑ። በሁለተኛ ስልክና የራስ ስም አንድ የሆኑ፤ ስልኩን አስቀድመው ወደ መጨረሻዎቹ 9 አሃዞች ያሳጥሩት፣ በ9 ወይም በ7 መጀመር አለበት። በሦስተኛ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሦስቱም ስም አንድ የሆነ። በአራተኛ በአጎራባች ቀበሌዎች የራስና የአባት ስም አንድ ሆኖ የቤተሰብ ብዛቱ በአንድ ሰው ብቻ የሚለያይ። ስልክ ለብቻው ማንነት አይደለም፤ በገጠር አንድ ስልክ ለሦስት ቤት ይሠራል፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ስልክ 40 ረድፍ ላይ መገኘቱም የተለመደ ነው። ከሦስት ጊዜ በላይ የተደጋገመ ቁጥር ግን ለብቻው ዝርዝር ወጥቶለት ለምን እንደሆነ ይጠየቅ።

እንደ ኦፕንሪፋይን ባሉ የመረጃ ማጽጃ መሣሪያዎች በፊደል ርቀት፣ ማለትም ሁለት ስሞች በስንት ፊደል እንደሚለያዩ በመቁጠር፣ መፈለግ ይቻላል፤ ነገር ግን መመሪያዎቻቸው ላይ ያለው ቁጥር ለላቲን የተለካ ነው። በላቲን አንድ ፊደል መለወጥ ትንሽ ነገር ነው። በአማርኛ አንድ ፊደል ሙሉ ክፍለ ቃል ስለሆነ «አበበ» እና «አበራ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ብቻ ነው፤ ርቀት 1 ካሉት ሁለቱን አንድ ሰው ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ልዩነቱን የሚፈቅዱት ከሦስቱ ስሞች በአንዱ ላይ ብቻ ይሁን፣ ያውም አራትና ከዚያ በላይ ፊደል ባለው ስም። የቀሩት ሁለቱ ፍጹም አንድ መሆን አለባቸው።

የተገኘው ጥንድ ሁሉ ድግግሞሽ አይደለም። በአፋር፣ በሶማሌ፣ በወሎ ሦስት ስማቸው አንድ የሆነ የተለያዩ ሰዎች በአንድ ቀበሌ ውስጥ አሉ፤ መሐመድ አህመድ አሊ የሚባል ሰው ስንት እንደሆነ ማንም የአካባቢው ሰው ይነግርዎታል። እነዚህን የሚለየው የእናት ስም ነው። የባለቤት ስም፣ ጎጥና ጾታም ይረዳሉ፤ ዕድሜ ግን ብዙ አይረዳም፣ አዋቂ ሰው ዕድሜውን በ0 ወይም በ5 ወደሚያልቅ ቁጥር አጠጋግቶ ስለሚናገር። የእናት ስም ዝርዝርዎ ላይ ከሌለ ለማጣራቱ ወረቀት ባዶ ቦታ ይተውለት።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ደግሞ ይህ ነው፦ አንድ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ሚስቶች ባሉት አካባቢ የእሱ ስም በየቤቱ አባወራ ተብሎ ይመዘገባል። በኮምፒውተሩ ዓይን ፍጹም ድግግሞሽ ነው፤ ስሙ አንድ፣ ስልኩ አንድ፣ ቀበሌው አንድ። እውነቱ ግን እያንዳንዷ ሚስት ከልጆቿ ጋር ለብቻዋ ጭስ የምታወጣ ቤት ናት። የመጀመሪያውን ትቶ የቀረውን የሚሰርዝ ሰው ሁለተኛዋንና ሦስተኛዋን ከነልጆቻቸው ያስርባል። እንዲህ ባሉ ቀበሌዎች ዋና ተቀባይ ሆና መመዝገብ ያለባት ሚስቲቱ ናት፤ የባል ስም በሌላ አምድ ይቀመጥ።

ተፈናቃዮች ባሉበት ወረዳ ከሆኑ ሌላም አለ። አንድ ቤተሰብ በመጠለያው ዝርዝርም በመጣበት ቀበሌ ዝርዝርም ይገኛል፤ ወረዳው ከተለየ እርስዎ ጋ አይታይም። ይህንን የሚፈቱት ከጎረቤት ወረዳ ጋር በመነጋገር ነው። የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በየመጠለያው የሚያወጣውን የተፈናቃይ ቁጥር ከዝርዝርዎ ድምር ጋር አነጻጽረው «ልዩነቱ ድግግሞሽ ነው» ብለው ግን እንዳይደመድሙ። ያ በጣቢያ ደረጃ የተሰበሰበ የብዛት ግምት ነው፤ የስም ዝርዝር አይደለም፤ የሚሰበሰብበት ጊዜም የተለየ ነው።

አሁን ጥቆማዎቹን ወደ ቀበሌ ይውሰዱ። ለያንዳንዱ ጥንድ ሁለቱን ረድፎች ጎን ለጎን ያትሙ፦ ሙሉ ስም እንደተመዘገበው፣ ጎጥ፣ የባለቤት ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የስልኩ የመጨረሻ አራት አሃዞች። ከጎኑ አራት የውሳኔ ሳጥኖች ይኑሩ፦ የተለያዩ ሰዎች ናቸው፣ አንድ ናቸው ይዋሃዱ፣ ከዝርዝሩ ይውጣ፣ አልተጣራም። ለየሳጥኑ ምክንያት የሚጻፍበት መስመርና የሦስት ሰው ፊርማ ይከተል፦ ከቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል፣ ከጎጡ ሽማግሌ ወይም የሴቶች ተወካይ፣ ከእርስዎ ድርጅት የመስክ ሠራተኛ። አንድ ሰው ብቻ የፈረመበትን አይቀበሉ። የማይወደደውን ሰው ለማስወጣት ይህ ወረቀት ጥሩ መሣሪያ መሆኑን ቀበሌ ውስጥ የሠራ ሁሉ ያውቃል።

የተስተካከለው ዝርዝር ከስርጭቱ ቢያንስ ከሦስት እስከ አምስት ቀን አስቀድሞ በሕዝብ ፊት ይነበብ፤ ግጭት ባለበት ቦታ መለጠፉን ትተው በስብሰባ ማንበቡን ይምረጡ። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ቁጥር ያለው መዝገብ ይኑረው። «አልተጣራም» ተብሎ የቀረው ቤተሰብ በዚህ ዙር ራሽኑን ይውሰድ፤ ስሙ አጠገብ ምልክት ተደርጎ ከሚቀጥለው ዙር በፊት ይጣራ። ይህ ላይ የፕሮግራም ኃላፊዎ ሊከራከርዎት ይችላል። በጽሑፍ ያስወስኑት።

ከቀበሌው ተጣርቶ የተመለሰውን ሲያስገቡም ረድፍ አያጥፉ። «ሁኔታ» የሚል አምድ ከፍተው ይጠቀማል፣ ተዋሕዷል፣ ወጥቷል፣ በማጣራት ላይ ብለው ይሙሉ፤ ቀኑንና ምክንያቱን ያስከትሉ። የማከፋፈያው ወረቀት የሚወጣው «ይጠቀማል» እና «በማጣራት ላይ» ከተባሉት ብቻ ነው። ወረቀቱን ሲያትሙ በማመሳከሪያው ስም ይደርድሩት፤ ኤክሴል በፊደል ኮድ ስለሚደረድር ሀይሉ ላይኛው ገጽ፣ ኃይሉ ታች ተወርውሮ በወረፋው ላይ ፍለጋው ያሰለቻል።

ከስም ውጭ ሊታይ የሚገባው የቤተሰብ ብዛት ነው። ድግግሞሹ ጠፍቶ እህሉ የሚፈስበት ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ይህ ነውና። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የአንድ ቤት አማካይ 4.6 ሰው መሆኑን አግኝቷል። የእርስዎ ቀበሌዎች አማካይ 4 ወይም 5 አካባቢ ሆኖ አንዱ ብቻ 7 ከሆነ፣ ወይም በአንድ ጎጥ ያለ ቤት ሁሉ ስድስት ሰው ከሆነ፣ ሄደው 20 ቤት በዕጣ መርጠው ይቁጠሩ።

ቀኖቹንም ይመልከቱ፤ አጭር ነገር ነው ግን ብዙ ያበላሻል። መዝጋቢው የካቲት 30 ቀን 2016ን «30/6/2016» ብሎ ከጻፈ ቀንን ከወር በሚያስቀድም ቅንብር ላይ ያለ ኤክሴል ጁን 30፣ 2016 ብሎ ይቀበለዋል፤ ትክክለኛው ማርች 9፣ 2024 ነው። ጥቅምት 30 ቢጻፍ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። አንዱ አምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ሆኖ ያገኙታል። መፍትሔው ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የቁጥር አምድ ለይቶ መያዝና አቆጣጠሩን በአምዱ ስም ላይ መጻፍ ነው። የስርጭት ዙርንም በወር ስም አይጥሩት፤ «ዙር 3» ይበሉት።

የቦታ ስም በእጅ የተጻፈ ከሆነ እንደ ሰው ስም ሁሉ ይለያያል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ እርዳታ አስተባባሪ ቢሮ (ኦቻ) ለየወረዳው ባለ ስድስት አሃዝ ፒ-ኮድ (የቦታ መለያ ቁጥር) አውጥቷል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ክልሉን፣ ቀጣዮቹ ዞኑን፣ የመጨረሻዎቹ ወረዳውን ያሳያሉ። ለቀበሌ የሚሆን ስለሌለው ሦስት አሃዝ ራስዎ ጨምረው ለሌሎች አጋሮች ያካፍሉ። ቀድሞ ደቡብ ይባል በነበረው አካባቢ የሚሠሩ ከሆነ የድሮ ኮድ ያለበትን ፋይል ይጠንቀቁ፤ ሲዳማ በ2020፣ ደቡብ ምዕራብ በ2021፣ ማዕከላዊና ደቡብ ኢትዮጵያ በ2023 እ.ኤ.አ. ክልል ሆነው ስለወጡ አንዱ ወረዳ በሁለት ኮድ ይመጣብዎታል።

እስካሁን ያልኩት ያለውን ለማጽዳት ነው። በሚቀጥለው ምዝገባ ይህ ሁሉ ድካም እንዳይደገም ለየቤቱ ቁጥር ያለው ካርድ ይስጡ፤ ቁጥሩ ማረጋገጫ አሃዝ፣ ማለትም የአጻጻፍ ስህተትን የሚያጋልጥ ጭማሪ ቁጥር፣ ይኑረው። አሠራሩ ቀላል ነው። የቀበሌ ቁጥር 014፣ ተራ ቁጥር 00237 ቢሆን 01400237ን ለ97 ያካፍሉት፤ ቀሪው 42 ነው። ካርዱ ላይ 01400237-42 ይታተማል። መዝጋቢው 37ን ገልብጦ 73 ብሎ ቢጽፍ ቀሪው 78 ስለሚሆን ቅጹ ወዲያው አይቀበለውም። ያለዚህ አንድ የተገለበጠ አሃዝ የሌላ ቤተሰብን ራሽን ይዘጋል።

በኮቦ ቅጹን ሲሠሩ ወረዳና ቀበሌ ከዝርዝር የሚመረጡ እንጂ የሚጻፉ አይሁኑ። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ይሁኑ፤ የእናት ስም ግዴታ ይሁን። በዕድሜ ክፍል የተዘረዘሩት ሰዎች ድምር ከቤተሰቡ ብዛት ጋር ካልገጠመ ቅጹ አይለፍ። በስልኩ መተግበሪያ ላይ ለቀን ጥያቄ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ማሳየት ይቻላል፤ ውስጡ የሚቀመጠው ግን በፈረንጅ ነው። ምዝገባው ከተጀመረ በኋላ የምርጫ ኮዶችን አይለውጡ፤ ከለወጡ የቀደመውና የኋለኛው መልስ በሁለት ኮድ ተከፍሎ ይወርዳል። በየማታው በስልኮቹ ላይ የተመዘገበው ይላክ፤ ጠዋት ላይ የትናንቱን ድግግሞሽ አይተው መዝጋቢው ገና ቀበሌው ውስጥ እያለ ይጠይቁት።

ከስርጭቱ በኋላ ዝርዝሩን ከመጋዘኑ ጋር ያገናኙ። 1,840 ሰው ያለበት ቀበሌ 27,600 ኪሎ እህል፣ ማለትም ባለ 50 ኪሎ 552 ከረጢት ይወጣለታል። በዌይቢሉ (በጭነት መላኪያ ሰነዱ) የተላከው፣ ጣቢያው ላይ የተረከቡት፣ በጣት አሻራ የወጣውና የተመለሰው መግጠም አለባቸው። ያልመጡት ሰዎች ራሽን ተመላሽ ውስጥ ካልታየ የሆነ ሰው በስማቸው ፈርሟል።

ለጋሹ ጋ የሚላከውን በተመለከተ። «ሙሉ ዝርዝር» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ማጣራቱ መደረጉን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ስለዚህ አስቀድመው በየቀበሌው የተጠቆመውን፣ የተዋሐደውን፣ የወጣውንና በማጣራት ላይ ያለውን ብዛት የሚያሳይ ሠንጠረዥ፣ ከማጣራት ዘዴው መግለጫ ጋር ይላኩ። ኦዲት ለማድረግ ከፈለጉ እነሱ የመረጧቸውን የካርድ ቁጥሮች ቢሮዎ መጥተው እንዲያዩ ይጋብዙ። ስም የግድ ነው ካሉ በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ለምን ዓላማ፣ ማን ያየዋል፣ መቼ ይጠፋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሕግ ጉዳይም ነው። ቢላክ እንኳ የካርድ ቁጥር፣ ስም፣ ቀበሌና የቤተሰብ ብዛት ይበቃሉ፤ ስልክ፣ ብሔር፣ ሃይማኖት፣ የጤና ሁኔታና የቤቱ ጂፒኤስ አይካተቱ። በሠንጠረዥ ውስጥም ከአምስት በታች የሆነ ቁጥር፣ ለምሳሌ በአንድ ጎጥ ያሉ አካል ጉዳተኞች ብዛት፣ ሰውየውን ያሳውቃል፤ ከሌላ ጎጥ ጋር ይደምሩት።

በቴሌግራም ግሩፕ የተጠቃሚ ዝርዝር መላክ በአገራችን ልማድ ሆኗል፤ ዛሬውኑ ያስቁሙት። በጃንዋሪ 2022 የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ መረጃ በተጠበቀበት ሰርቨር ላይ በደረሰ ጥቃት የተጠፋፉ ቤተሰቦችንና እስረኞችን ጨምሮ ከ515,000 በላይ ሰዎች መረጃ ተጋልጧል፤ ያንን ያህል ጥበቃ ያለው ድርጅት ከተደፈረ በየሰው ስልክ ላይ የተቀመጠ ፋይል ምን ይሆናል? ፋይሉን በይለፍ ቃል ቆልፈው በኢሜይል ይላኩ፣ ይለፍ ቃሉን በስልክ ይናገሩ። ለማን፣ መቼ፣ የትኛውን ቅጂ እንደላኩ በአንድ መዝገብ ይያዙ፤ የማጥፊያው ቀን ሲደርስ ደውለው መጥፋቱን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልዎ ይጠይቁ።